ሁለተኛው ሰው ሲገባ የሚንቀራፈፈው ፕሮግራም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። በዚህ ምክንያት ኮምፒውተሮቹን በዊንዶውስ 11 የተካ መሥሪያ ቤት የሚገጥመው ነገር ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ይበራሉ፣ ኢሜይሉ ይሠራል፣ ማተሚያው ያትማል። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ የለመደችውን ፕሮግራም ስትከፍት ግን ወይ አልከፈት ይላል፣ ወይ ተከፍቶ ይንቀራፈፋል፣ ወይ ደግሞ ለሁለት ሳምንት በሰላም ሠርቶ አንድ ቀን ጠዋት «ሰንጠረዡ ተበላሽቷል» ይላል። ፕሮግራሙ ከ20 ዓመት በፊት በፎክስፕሮ ወይም በአክሰስ፣ ማለትም መረጃን በሰንጠረዥ በሚይዙ የዳታቤዝ መሥሪያዎች፣ የተጻፈ ነው። የጻፈው ሰው ስልክ ቁጥሩን ቀይሯል፤ አለዚያም አሜሪካ ሄዷል።

ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር ነው። ኮምፒውተሩን የሸጠው ድርጅት በፕሮግራሙ ያላክካል። የኔትወርክ ባለሙያው ግንኙነቱን ፈትሾ «ይኸው ይሠራል» ይልና ከጉዳዩ ይወጣል። ሒሳብ ክፍሉ ደግሞ ሰርቨሩ (የጋራ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር) አርጅቷል ብሎ የግዥ ጥያቄ ይጽፋል። ሰርቨሩ ይገዛል፤ ችግሩ ይቀጥላል። ጥፋቱ ከሦስቱ ከአንዳቸውም ዘንድ ላይሆን ይችላላ! ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመካከላቸው ነው፤ ፕሮግራሙ ፋይል ሰርቨሩ ያደርግልኛል ብሎ በተጻፈበት ነገርና ሰርቨሩ ዛሬ በሚያደርገው ነገር መካከል።

ዲቤዝ፣ ክሊፐር፣ ፎክስፕሮ፣ ፓራዶክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው አክሰስም ጭምር በአንድ ዓይነት አሠራር የተገነቡ ናቸው። መረጃው የሚቀመጠው በተራ ፋይል ነው። ፋይሉ በሰርቨሩ የጋራ ፎልደር ውስጥ ይሆንና እያንዳንዱ ኮምፒውተር በኔትወርክ እየከፈተ ይጠቀምበታል። ፍለጋውን፣ ድርደራውን፣ ድምሩን የሚሠራው በሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር ነው። ሰርቨሩ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ይህን ገጽ ስጠኝ ሲሉት ይሰጣል፣ ይህን መልስ ሲሉት ይመልሳል፣ ውስጡ የተጻፈውን ግን አያነብም። ደረሰኙ በግማሽ ተጽፎ ቢመለስለት ግማሽ መሆኑን አያውቅም።

እንደ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ኦራክል ወይም ፖስትግሬስ ያሉት ዳታቤዞች የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። እነርሱ ዘንድ ከኮምፒውተሩ የሚሄደው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ፋይሉን የሚነካው ሰርቨሩ ላይ ያለው ሞተር የሚባል አንድ ፕሮግራም ነው። መብራት በመሀል ቢጠፋ ያላለቀውን ሥራ ከራሱ መዝገብ አይቶ ይሰርዛል። በፋይል ሰርቨር አሠራር ግን አሥር ሰው ሲሠራ አሥር ሞተር በአንድ ፋይል ላይ ይረባረባል። እርስ በርስ የሚጠባበቁት በመቆለፊያ ነው፤ መቆለፊያውን የሚያስከብረው ደግሞ ኤስኤምቢ የሚባለው የዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ሥርዓት ነው። ክሊፐር አንድን ሪከርድ፣ ማለትም አንድን የሰንጠረዥ መስመር፣ ሲቆልፍ የሚቆልፈው ሪከርዱ ያለበትን ቦታ እንኳ አይደለም። ከፋይሉ መጨረሻ በጣም ርቆ፣ ከአንድ ቢሊዮንኛው ባይት ወዲያ፣ ምንም ያልተጻፈበትን ቦታ ነው። ሁሉም ፕሮግራም ይህን ስምምነት እስካከበረ ድረስ ይሠራል። በሌላ መሣሪያ የተጻፈ ሁለተኛ ፕሮግራም በዚያው ፋይል ላይ ከተጨመረ ግን ስምምነቱን ላያውቀው ይችላል፤ ያኔ ሁለቱም «ቆልፌያለሁ» እያሉ አንዱ በሌላው ላይ ይጽፋል።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ላይ ከሚሰሙት ቅሬታዎች ሁሉ ለምርመራ እጅግ የሚጠቅመው «ብቻዬን ስሠራ ይፈጥናል፣ ሌላ ሰው ሲገባ ይንቀራፈፋል» የሚለው ነው። ብዙ ባለሙያ ይህን ሲሰማ የኔትወርክ መጨናነቅ ነው ይላል። ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች ጊጋቢት ኔትወርክ አያጨናንቁም። ፋይሉን የከፈተው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ሲሆን ሰርቨሩ «ሌላ ተጠቃሚ የለም፣ እንደ ልብህ ሁን» የሚል ፈቃድ ይሰጠዋል። ፈቃዱ በባለሙያዎች ዘንድ ኦፕሎክ ይባላል፤ ከዊንዶውስ 7 ጋር በመጣው የኤስኤምቢ ስሪት ደግሞ ሊዝ። ፈቃዱን ያገኘው ኮምፒውተር ያነበበውን በራሱ ሚሞሪ ያቆያል፣ የጻፈውንም ወዲያው ላይልክ ይችላል። ሁለተኛው ሰው ያንኑ ፋይል በከፈተ ቅጽበት ሰርቨሩ ፈቃዱን ይነጥቃል። የመጀመሪያው ኮምፒውተር በእጁ ያቆየውን ሁሉ አስረክቦ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም እያንዳንዷን ገጽ ከሰርቨሩ እየጠየቁ ያነባሉ።

ስለዚህ የፕሮግራሙ እውነተኛ ፍጥነት ሁለተኛው ሰው ከገባ በኋላ የሚታየው ነው። ፊተኛው በውሰት የተገኘ ነበር። ይህን የተረዳ ባለሙያ ኬብል መቀየሩን ትቶ ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ የሚጠይቀውን ገጽ ብዛት መቀነስ ይጀምራል። የሚፈለግበት ዓምድ ኢንዴክስ፣ ማለትም እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ መፈለጊያ፣ እንዳለው ያያል፤ አክሰስ ከሆነ ፕሮግራሙ ከተከፈተ እስኪዘጋ ድረስ ከመረጃው ፋይል ጋር አንድ ግንኙነት ሳይቋረጥ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ጸረ ቫይረሱ የመረጃ ፋይሎቹን በየከፈታው እንዳይፈትሽ ይነግረዋል።

ከዝግታው የከፋው የመንጠቁ ቅጽበት ነው። ያልላከው ጽሑፍ በእጁ ያለ ኮምፒውተር በዚያች ቅጽበት ላፕቶፑ ቢዘጋ ወይም ዋይፋዩ ቢቋረጥ ጽሑፉ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዊንዶውስ 10 ስሪት 1803 ከወጣ በኋላ በኔትወርክ ላይ የሚሠሩ የአክሰስ ፋይሎች ወጥ ባልሆነ ሁኔታ ላይ ናቸው የሚል ስህተት ያሳዩ ጀመር፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ያቀረበው ጊዜያዊ መፍትሔ ፋይሉ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሊዝን ማጥፋት ነበር። ይህም ዋጋ ያስከፍላል፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ያለ ሌላ ፋይል ሁሉ አብሮ ይዘገያል። አዳዲሶቹ የዊንዶውስ ሰርቨሮች ሊዝን ለአንድ የጋራ ፎልደር ብቻ ለይቶ ማጥፋት ያስችላሉ። ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ ደግሞ ሳምባ የሚባለው የፋይል መጋሪያ ፕሮግራም በፋይል ዓይነት ለይቶ ኦፕሎክ መከልከል ይችላል።

እዚህ ላይ ኢንተርኔት ውስጥ የሚዞር አንድ የቆየ ምክር አለ፤ በሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ገብታችሁ ኦፕሎክን አጥፉ የሚል። ምክሩ የተጻፈው ለጥንቱ የኤስኤምቢ ስሪት 1 ነው። በስሪት 2 እና 3 ላይ ምንም አያደርግም። ሰው ያችን ቁጥር ቀይሮ ሰርቨሩን አጥፍቶ ሲያበራ ለአንድ ቀን ይሻለዋል፤ ያሻለው ግን ማጥፋት ማብራቱ ነው።

ብልሽቱን በቁጥር ማየት ለሚፈልግ ሰው ዲቤዝ፣ ክሊፐርና ፎክስፕሮ መረጃቸውን የሚያስቀምጡበት የዲቢኤፍ ፋይል ራስጌ ጥሩ ምስክር ነው። በመጀመሪያዎቹ 32 ባይቶች ውስጥ የሪከርዶቹ ብዛት፣ የራስጌው ርዝመትና የአንድ ሪከርድ ርዝመት ተጽፈዋል። 10 ዓምድ ያለው የዲቤዝ 3 ፋይል ራስጌ 353 ባይት ነው፤ 32 ለመታወቂያው፣ ለእያንዳንዱ ዓምድ 32፣ አንድ ደግሞ ለማብቂያ ምልክት። አንድ ሪከርድ 120 ባይት ነው እንበል፤ ፋይሉ በጠቅላላ 4,944,354 ባይት ነው። ራስጌውንና በፋይሉ መጨረሻ ያለችውን አንዷን ባይት ቀንሰን ለ120 ስናካፍል 41,200 ሪከርድ ይወጣል። ራስጌው ላይ የተመዘገበው ብዛት ግን 41,187 ከሆነ 13 ደረሰኞች በፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብለው ፕሮግራሙ አያያቸውም። ሪከርዱ ተጽፎ ብዛቱ ሳይታደስ ግንኙነቱ ሲቋረጥ እንዲህ ይሆናል።

ቪዡዋል ፎክስፕሮ 9 ይህን ልዩነት ሲያይ የስህተት ቁጥር 2091 አውጥቶ ፋይሉን አልከፍትም ይላል። አሮጌዎቹ ስሪቶች ዝም ብለው ከፍተው በ13ቱ ላይ አዲስ ደረሰኝ ሊጽፉባቸው ይችሉ ነበር። ሠራተኛው የስህተት መልእክቱን ይረግመዋል፤ እኔ ግን ዝም ከሚለው የሚጮኸውን እመርጣለሁ።

ኢንዴክስን በተመለከተ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኢንዴክሱን እንደገና የሚያስገነቡ ቢሮዎች ጥቂት አይደሉም። ኢንዴክስ ከመረጃው ላይ ሁልጊዜ እንደገና ሊሠራ ስለሚችል ጉዳት የለውም ይባላል። ዛሬ ኢንዴክሱን የቆረጠው ግንኙነት ግን ነገ መረጃውን ራሱን ያገኘዋል። የጠዋቱ እድሳት የዕለት ሥራ ከሆነ በኋላ መንስኤውን የሚፈልግ ሰው አይኖርም።

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መብራት ነው። ሰርቨሩ ዩፒኤስ አለው፤ ኮምፒውተሮቹም አንዳንዴ አላቸው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ግን በቀጥታ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። መብራት ለሁለት ሴኮንድ ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ አይጠፋም፣ ኮምፒውተሮቹም አይጠፉም፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን ተዘግቶ ይከፈታል። ከሠራተኞቹ ማንም ምንም አላየም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዷ ደረሰኝ ስታስገባ ፕሮግራሙ ይዘጋባታል። ስዊቹን ወደ ዩፒኤሱ ማዞር አዲስ ሰርቨር ከመግዛት የበለጠ ችግር ያቃልላል፤ ወጪው አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚታዩት ዋይፋይ፣ የላፕቶፕ እንቅልፍና የኔትወርክ ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደው ምርጫ ናቸው። ለእነዚህ ፕሮግራሞች ኬብል ብቻ!

ፕሮግራሙ ሰርቨሩን ጭራሹን አላየውም ሲል ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የብሪታንያን የሕዝብ ሆስፒታሎች ሥራ ያስተጓጎለው በኤስኤምቢ ስሪት 1 ቀዳዳ ገብቶ ነው፤ ማይክሮሶፍት መድፈኛውን በማርች አውጥቶት ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የወጣው ዊንዶውስ 10 ስሪት 1709 አዲስ ሲጫን ስሪት 1ን ሳይዝ መምጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዊንዶውስ 11 ስሪት 24ኤች2 ደግሞ እያንዳንዱ የኤስኤምቢ መልእክት ፊርማ እንዲኖረው ግድ አደረገ፤ በፕሮ እትሙም ያለ ስምና ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት መግባትን ከለከለ። በትናንሽ ቢሮዎች ሰርቨርን የሚተካው የጋራ የኔትወርክ ዲስክ ግን ብዙ ጊዜ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው። አዲሱ ኮምፒውተር አልገባም የሚለው ስለዚህ ነው።

ፈጣኑ መፍትሔ ጥበቃውን በ15 ኮምፒውተሮች ላይ አንድ በአንድ ማላላት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። በዲስኩ ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስምና ይለፍ ቃል ይከፈት፣ የዲስኩም ሶፍትዌር ይታደስ፤ ሥራው በአንድ ቦታ ይሠራል፣ ማን መቼ እንደገባም ይታወቃል። ሰርቨሩ ዊንዶውስ 2003 ከሆነ ግን ከስሪት 1 በቀር የሚያውቀው የለም። ያን ጊዜ የግዥ ጥያቄው ትክክል ነው። ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ የተጻፉት ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ስለሆነ በቀጥታ አይነሡበትም፤ ከኢንተርኔት በተለየ ምናባዊ (በሶፍትዌር የተፈጠረ) ኮምፒውተር ውስጥ በአሮጌ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ማሠራት ይቻላል።

አንዳንዱ ችግር ደግሞ ችግር አይመስልም። ሁለት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ሪፖርት አውጥተው ሁለት የተለያየ ድምር ሲያገኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰው ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን አሮጌ ፕሮግራም ፕሮግራሞች በሚጫኑበት ፎልደር ውስጥ ልጻፍ ሲል ዊንዶውስ ሳይከለክለው፣ ሳይነግረውም፣ ጽሑፉን በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ቨርቹዋል ስቶር ወደሚባል ቦታ ያዞርበታል። ሁለት ሰዎች አንድ ኮምፒውተር በየራሳቸው ስም ከከፈቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ግልባጭ ይኖራቸዋል። የገንዘብ ያዡን ታማኝነት ከመመርመር በፊት ያንን ፎልደር ማየት ፍትሕ ነው።

ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ በሠራው የዳታቤዝ ሞተር የሚሠሩ የፓራዶክስና የዴልፊ ፕሮግራሞች ከዚህም የባሰ አስገራሚ ጠባይ አላቸው። ሰርቨሩ ላይ በመቶ የሚቆጠር ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ ዲስኩ ሞልቷል ይላሉ። ሞተሩ ነጻውን ቦታ የሚቆጥረው በ32 ቢት ስለሆነ፣ ቦታው የ4 ጊጋባይት ብዜት አጠገብ ሲደርስ ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለስበታል። አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ዲስኩ ሲገለበጥ ቁጥሩ ስለሚቀየር ስህተቱ ይጠፋል፤ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው አስማት ነው። አክሰስ ላይ ደግሞ ሠራተኛው በፎልደሩ ውስጥ ፋይል የመፍጠርና የመሰረዝ ፈቃድ ከሌለው የመቆለፊያው ፋይል አይሠራም፤ መጀመሪያ የገባው ብቻውን ይዞት ሌላው ከውጭ ይቀራል። ፋይሉ 2 ጊጋባይት ሲደርስም ያበቃል፤ የሚያወጣው መልእክት ግን ስለ መጠኑ አንድም ቃል የለውም።

ሰው ሁሉ በሚጣደፍበት ሰዓት መርማሪው ማድረግ ያለበት የመጀመሪያ ነገር ቅጂ መውሰድ ነው፤ ሁሉም ሰው ከፕሮግራሙ ወጥቶ። ሰው እየሠራበት የተገለበጠ ፋይል ግማሹ የዘጠኝ ሰዓት፣ ግማሹ የዘጠኝ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ነው። ፎልደሩን ከኢንተርኔት ማከማቻ ጋር በራሱ እንዲመሳሰል ማድረግም ያው ነው። ከዚያ ፕሮግራሙን ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ በቀጥታ መክፈት። እዚያ ከሠራ ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ በመንገድ ላይ ነው። እዚያም ካልሠራ ኔትወርኩን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ቀጥሎ በኬብል አንድ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ሁለተኛ። ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ፕሮሰስ ሞኒተር ፕሮግራሙ የትኛውን ፋይል እንደጠየቀና ምን መልስ እንዳገኘ መስመር በመስመር ያሳያል፤ «መግባት ተከልክሏል» የሚለው መስመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንም ባልጠረጠረው ፎልደር ላይ ነው።

ፒችትሪ፣ ከ2013 እትሙ ጀምሮ ሴጅ 50 የተባለው፣ በኢትዮጵያ ሒሳብ ክፍሎች በሰፊው ስለሚሠራበት ለብቻው መጠቀስ አለበት። ፐርቬሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር አለው። ስለዚህ ከሌላ ኮምፒውተር አልከፈት ሲል ፎልደሩን እንደገና ከማጋራት በፊት ሞተሩ መረጃው ባለበት ኮምፒውተር ላይ መነሣቱን፣ ፋየርዎሉም (የኔትወርክ መከላከያው) 3351 እና 1583 የተባሉትን ፖርቶች፣ ማለትም የግንኙነት በሮች፣ አለመዝጋቱን ማየት ይቀድማል።

ቅርንጫፍ ቢሮ በቪፒኤን (በኢንተርኔት በኩል በሚዘረጋ የተጠበቀ መስመር) ገብቶ ይሥራ የሚለው ሐሳብ ከመጣ ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሪፖርት ከሰርቨሩ 2,000 ጊዜ ገጽ ይጠይቃል እንበል። ቢሮ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ቢፈጅ ሪፖርቱ በአንድ ሴኮንድ ይወጣል። ከሐዋሳ 60 ሚሊ ሴኮንድ ቢፈጅ ሁለት ደቂቃ ነው። የኢንተርኔቱን መጠን በእጥፍ መግዛት ይህን አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ፕሮግራሙን ከመረጃው አጠገብ አስቀምጦ የሐዋሳው ሠራተኛ በሪሞት ዴስክቶፕ ስክሪኑን ብቻ እንዲያይ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ለአስተዳደር ሥራ ከሚሰጣቸው ሁለት ግንኙነቶች በላይ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ወጪ አለው፤ በበኩሌ ግን ለአሮጌ ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ የማቆያ ዘዴ አላውቅም። መብራትና ዋይፋይ ሲቋረጥ የሚቋረጠው ስክሪኑ ነው፤ ጽሑፉ ሰርቨሩ ላይ ሳይነካ ይቀጥላል።

ማቆየት ግን ማቆየት ነው። ማይክሮሶፍት ለቪዡዋል ፎክስፕሮ የመጨረሻ ስሪት ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ዘግቷል። የአክሰስ ባለቤቶች ዕድለኞች ናቸው፤ ቅጾቹን እንዳሉ ትተው ሰንጠረዦቹን ብቻ ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ማዛወር ይቻላቸዋል። እኛ ዘንድ የሚከብደው የጽሑፉ ጉዳይ ነው። ለዓለም ቋንቋዎች ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠራባቸው ቪዡዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝን የመሰሉት፣ የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው የሚሠሩ ነበሩ። መረጃው ወደ አዲስ ዳታቤዝ ሲገባ የደንበኞች ስም የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ፎንት የራሱ የመለወጫ ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል። በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለት ጸሐፊዎች በሁለት ዓይነት ፎንት ጽፈው ከሆነ ደግሞ መስመር በመስመር መለየት የግድ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ርዝመቱ በባይት በሚቆጠር ዓምድ ውስጥ ረጅም ስም ይቆረጣል።

ቀኑም አለ። ጥቅምት ሁለተኛው ወር ነውና ጥቅምት 30 በፈረንጅ የቀን ዓምድ ውስጥ ፌብሩዋሪ 30 ሆኖ አይገባም፤ ጳጉሜን ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነ ከነጭራሹ ቦታ የለውም። የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች ቀኑን በጽሑፍ ዓምድ ያስቀመጡት ለዚህ ነው። ጽሑፍ ደግሞ ማንኛውንም ነገር ይቀበላል። ጳጉሜን 6 የሚኖራት ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ብቻ ነው፤ 2015 ነበራት፣ 2014 አልነበራትም። አዛዋሪው ፕሮግራም «ጳጉሜን 6 ቀን 2014» የሚል ደረሰኝ ሲያገኝ ወደ መስከረም 1 በራሱ ገፍቶ ቢያሳልፈው ደረሰኙ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። እንዲህ ያሉትን ለብቻ አውጥቶ በዝርዝር ለሒሳብ ክፍል መስጠት ይሻላል፤ ወረቀቱ እጃቸው ላይ እስካለ ድረስ ትክክለኛውን ቀን ሊያወጡ የሚችሉት እነርሱ ናቸው።